ለደስታ ስለሚቆም ወረፋ

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሲ.ኤም.ሲ ሚካኤል አጠገብ ቆሞ መንገደኛውን የተመለከተ ሰው፣ የሰፈሩ ሕዝብ በሙሉ ተማክሮ በአንድ ጊዜ ከምሳ የተነሣ፣ በአንድ ጊዜም ልጆቹን ያለበሰ ይመስለዋል። አባት የመኪናውን በር ከፍቶ «ቶሎ በሉ እንጂ» ይላል፤ እናት ውኃና ዳቦ በዘንቢል ይዛ ትከተላለች፤ መኪና የሌለው ደግሞ የልጁን እጅ ጨብጦ የመገናኛ ታክሲ ተራ ይይዛል። ሁሉም የሚሄደው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሊናፈስ ነው። ሁሉም በልቡ የሚያስበውም አንድ ሐሳብ ነው፤ «ዛሬ እንኳ ሰው አይበዛም» ይላል።

ይህን የምጽፈው በሌላው ለመሳቅ አይደለም። እኔ ራሴ ከእነዚሁ ሰዎች አንዱ ነበርኩ፤ አንድ እሑድም ብዙ አስተምሮኛል። የደረሰብኝን እንደ ሆነው እናገራለሁና አንባቢዬ ይፍረደኝ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ከያዝኩ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ደመወዝ በተቀበልኩ ማግሥት፣ ያሳደጉኝን አክስቴንና የእኅቴን ሁለት ልጆች ይዤ ለመዝናናት አሰብኩ። አክስቴ ለብዙ ጊዜ የሚለምኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በልጅነታቸው ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ ይወርዱ ነበርና፣ ያ ሸክም የወረዱበት ተራራ ዛሬ የሽርሽር ቦታ ሆኗል ሲባል ሰምተው «ጉልበቴ ሳይከዳኝ አንድ ቀን አሳየኝ» ይሉኛል። እኔ ግን «እትዬ፣ እንጦጦ ሩቅ ነው፤ ለዛሬ ከቅርቡ እንጀምር» ብዬ፣ ስሙን መጥራት ወደማያስፈልገኝ አንድ የልጆች መጫወቻ ስፍራ ወሰድኳቸው።

ከስፍራው የደረስነው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ቲኬት ለመግዛት ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆምን። ከዚያም ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው ወደሚመኙት መጫወቻ ሄደን፣ ከሰዓት በላይ በዝግታ እየተንፏቀቅን ወረፋ ጠበቅን። አክስቴ መቆም ቢያቅታቸው በአበባው መደብ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ ተራችን ደርሶ ከበሩ ስንቆም፣ አስተናጋጁ የ7 ዓመቱን ልጅ በምሰሶ ላይ ከተሰመረ ምልክት አጠገብ አቁሞ ለካውና «ይህ ልጅ ቁመቱ አይበቃም» አለ። ልጁ አለቀሰ። ታላቅ እኅቱ ብቻዋን ገብታ ሦስት ደቂቃ ያህል ተጫውታ ወጣች። ዘወር ብለን ስናይ ፀሐይ ጠልቃለች፤ የቀረውም የታክሲ ወረፋ ነበር።

ማታ ቤት ገብተን ቡና ሲፈላ አክስቴ ጉልበታቸውን በቅባት እያሹ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ ብዙ ወረፋ ቆሜአለሁ። ለቀበሌ ስኳር ቆሜአለሁ፤ ለዘይት ቆሜአለሁ፤ ለቦኖ ውኃ ጀሪካን አሰልፌአለሁ። ገንዘብ ከፍዬ ለደስታ ስቆም ግን የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።» ይህን ያሉት ለወቀሳ አልነበረም፤ እየሣቁ ነው ያሉት። እኔን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ምክንያቱም በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ወረፋ ሒሳብ ተምሬ፣ ፈተናውንም በመልካም ነጥብ ያለፍኩ ሰው ነበርኩና ነው። በፈተና ያለፍኩትን ትምህርት በእሑድ ወደቅኩበት።

እንግዲህ ያንን ደብተር እንደገና ገለጥኩት። ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ታሪኮች ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።

የወረፋን ሒሳብ አስቀድሞ በጥብቅ የመረመረው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለ የዴንማርክ ሰው ነው። ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ ያስጨነቀው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ሰዎች ስልክ የሚደውሉት ማንም ሳያዛቸው እንደ ፈቀዳቸው ከሆነ፣ ደዋዩን ብዙ ሳያስጠብቅ ሁሉን ለማስተናገድ ስንት መስመር ይበቃል? ስለዚህ ጉዳይ የመጀመሪያ ጽሑፉን በ1909 አሳተመ። በዚያችው በኮፐንሃገን ከተማ ቲቮሊ የሚባለው ዝነኛ የመናፈሻና የመጫወቻ ስፍራ ከ1843 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነበረ። ኤርላንግ ያሰበው ለስልክ ቢሆንም፣ ስልክ ለማግኘት የሚጠብቀውና በቲቮሊ ለመጫወት የሚጠብቀው ሰው ሒሳባቸው አንድ ዓይነት ነው።

ሒሳቡ የሚነግረን ነገር ከተራ ግምታችን የተለየ ነው። እኛ የምናስበው እንዲህ ነው፤ ሰው በእጥፍ ቢበዛ ጥበቃውም በእጥፍ ይረዝማል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ሰው ብቻ የሚያስተናግድ መጫወቻ ይኑር፤ ለአንዱ ሰው በአማካይ 3 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። እንግዲያው በሰዓት 20 ሰው ለማስተናገድ ይችላል ማለት ነው። ሰዎቹ የሚመጡት በቀጠሮ ሳይሆን እንደ አጋጣሚ ነው፤ የአንዱም ቆይታ ከሌላው ይለያያል። በዚህ ሁኔታ በሰዓት 10 ሰው ቢመጣ፣ አንድ ሰው በአማካይ የሚጠብቀው 3 ደቂቃ ነው። 16 ሰው ቢመጣ 12 ደቂቃ ይጠብቃል። 18 ሰው ቢመጣ 27 ደቂቃ ይጠብቃል። 19 ሰው ቢመጣ ደግሞ 57 ደቂቃ ይጠብቃል። ከ20 በላይ ከመጣማ ሰልፉ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ማደጉን አያቆምም።

አንባቢዬ ከዚህ ላይ ጥቂት ቆም ይበል። በ18 እና በ19 መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጥበቃው ልዩነት ግን 30 ደቂቃ ነው። እንግዲህ ወረፋ የሚያስመርረው የሰው ብዛት ብቻ አይደለም፤ መጫወቻው ሊችለው ወደሚችለው ዳርቻ የተጠጋ ብዛት ነው። ከዚያ ዳርቻ ጥቂት የራቀ ሰዓት የመረጠ ሰው የሚያተርፈው ጥቂት አይደለም፤ እጅግ ብዙ ነው። እኔ በዚያ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን በሦስት ሰዓት ተኩል ብሄድ ኖሮ፣ ያው መጫወቻ፣ ያው አስተናጋጅ፣ ያው ቲኬት ሆኖ ቀኑ ሌላ ቀን ይሆንልኝ ነበር።

ሁለተኛው ሒሳብ ደግሞ ኪስ ውስጥ የሚያዝ ነው። በ1961 ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ያረጋገጠው ሕግ ሲሆን፣ በጥቂት ቃል ቢነገር እንዲህ ይሆናል፤ የምትጠብቀው ጊዜ በፊትህ ያለው ሰው ብዛት በደቂቃ ለሚስተናገደው ሰው ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ስለዚህ ወረፋ ከመያዝህ በፊት በፊትህ ያሉትን ሰዎች ቍጠር። 60 ሰው አለ እንበል። ከዚያ ሰዓትህን አይተህ በ6 ደቂቃ ውስጥ ስንት ሰው እንደ ገባ ተመልከት። 8 ሰው ከገባ፣ ለ60ው ሰው 45 ደቂቃ ያስፈልጋል። አሁን የምትወስነው በግምት ሳይሆን በዕውቀት ነው። 45 ደቂቃው ለዚያ ጨዋታ የሚገባ ከሆነ ቁም፤ ካልሆነም ወደ ሌላው ሂድና ኋላ ተመለስ። ብዙ ሰው ግን ቆጥሮ አይቆምም፤ ቆሞ ነው የሚቆጥረው። ሃያ ደቂቃ ከቆመ በኋላ ደግሞ «የቆምኩት ይባክናል» ብሎ መውጣት ይከብደዋል።

በውጭው ዓለም ያሉት ታላላቅ የመጫወቻ ስፍራዎችም ይህን የተማሩት በችግር ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ አገር ዲዝኒላንድ በ1955 ሲከፈት፣ በሐሰት በተሠሩ ቲኬቶች ጭምር ከተጠራው እንግዳ እጅግ የበዛ ሰው ገብቶ፣ ያ የመክፈቻ ዕለት የትርምስ ዕለት ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ወረፋን እንደ አንድ ትምህርት አጠናው። በ1999 ለጎብኚው የሰዓት ቀጠሮ የተጻፈበት ወረቀት መስጠት ጀመረ፤ ወረቀቱን የያዘ ሰው ሌላ ቦታ ሲዘዋወር ቆይቶ በቀጠሮው ሰዓት ይመጣል። ይህ በነጻ የሚሰጥ ቀጠሮ በ2021 ቀርቶ በምትኩ ገንዘብ የሚከፈልበት መጣ። ወረፋን መዝለል ዋጋ ያለው ነገር መሆኑ ከዚህ ይታያል። እኛ አገር ግን ማልዶ የተነሣ ሰው ያንኑ ዕድል ያለ ክፍያ ያገኘዋል።

ስለ ጥበቃ ጠባይ የጻፈ ዴቪድ ማይስተር የተባለ ሊቅም አለ። በ1985 ባወጣው ጽሑፉ እንዳስረዳው፣ ሰውን የሚያደክመው የደቂቃው ብዛት ብቻ አይደለም። እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው፣ አንድ ነገር እየሠራ ከሚጠብቀው ይልቅ ጊዜው ይረዝምበታል። ስንት እንደሚቆይ ያልተነገረው ሰው፣ ከተነገረው ይልቅ ይጨነቃል። ብቻውን የሚጠብቅ፣ ከጓደኛው ጋር ሆኖ ከሚጠብቀው ይልቅ ይሰለቻል። ከሁሉ የከፋው ግን ፍትሕ የሌለበት ጥበቃ ነው፤ አንዱ «የማውቀው ሰው አለ» ብሎ ሲቀድም ያየ ሰው፣ አምስት ደቂቃው እንደ አምስት ሰዓት ይከብደዋል። ይህን ለመረዳት እንኳ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በታክሲ ተራ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ እንመለስ። እያንዳንዱ አገር የራሱ የወረፋ መቍጠሪያ አለው። የእኛን ባሰብኩት ጊዜ ያገኘሁት እንዲህ ነው። እሑድ ጧት አብዛኛው ሰው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ምሳ ይበላል፤ የሚወጣው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ደመወዝ በወጣ ማግሥት ያለው ቅዳሜና እሑድ ከሌላው ይጨናነቃል፤ ኪሱ የሞላ አባት የልጁን ልመና እምቢ ለማለት አንደበት የለውምና። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካ ማግሥት ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። በጥርና በየካቲት፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ የሠርግ ወራት ስለ ሆነ ሙሽሮች ከነአጃቢዎቻቸው ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደ መናፈሻዎች ይጎርፋሉ። በኅዳር ታላቁ ሩጫ በሚሮጥበት እሑድ መንገዶች ስለሚዘጉ ያሰቡበት ለመድረስ ያስቸግራል። በክረምት ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነውና ልጅ ይበዛል፤ ዝናቡ ግን ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ ጧት የወጣ ሰው ከሰውም ከዝናብም ያመልጣል።

ይህን ሁሉ ከመዘንኩ በኋላ ለአክስቴ የገባሁትን ቃል ለመፈጸም ዕቅድ አወጣሁ። ዕቅዱን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ስጽፍ ያየችኝ እኅቴ «ሽርሽር ነው ወይስ ዘመቻ?» ብላ ሣቀችብኝ። ሣቋ ትክክል ነው። ነገር ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለምን?

አንደኛው ነገር ቀን መምረጥ ነበር። ደመወዝ ከወጣ ሁለት ሳምንት ያለፈው አንድ ቅዳሜ መረጥኩ። ይህ ቀን ለኪሴ ባይመችም ለወረፋው ይመቻል። ሁለተኛው፣ ከመሄድ በፊት መጠየቅ ነበር። በየትኛው ሰዓት ይከፈታል? ዋጋው ስንት ነው? ለየትኛው ጨዋታ ስንት ዓመትና ምን ያህል ቁመት ወይም ክብደት ያስፈልጋል? በስልክ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ነው፤ በመጀመሪያው እሑድ ብጠይቀው ኖሮ አንድ ልጅ ባላለቀሰ ነበር። ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ነገር ብቻ እንዲመርጥ ማድረግ ነበር። ልጅቷ በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ መንሸራተትን፣ እነሱ ዚፕላይን የሚሉትን፣ መረጠች። ልጁ ፈረስ መረጠ። አክስቴ «እኔ ያንን የማርፍበትን ቦታ ካየሁ ይበቃኛል» አሉ። እኔ ተቀምጬ ሻይ መጠጣት መረጥኩ። አራተኛው፣ ብዙ ሰው የሚመኘውን በቅድሚያ ማድረግ ነበር። በሩ ሲከፈት ሁሉም ሰው በቅርብ ካገኘው ይጀምራል፤ ዐዋቂ ግን ኋላ የሚጨናነቀውን አስቀድሞ ይጨርስና፣ መቼም ወረፋ የሌለበትን የእግር መንገድ፣ ዛፉንና አየሩን ለመጨረሻ ይተወዋል። አምስተኛው ምግብ ነው። ሰው ሁሉ በሚበላበት ሰዓት መጫወት፣ ሰው ሁሉ በሚጫወትበት ሰዓት መብላት ይገባል። ስለዚህ ዳቦና ቆሎ፣ በፔርሙዝም ሻይ ያዝን።

የእንጦጦን ነገር የማያውቅ አንባቢ አይኖርም፤ ሆኖም ጥቂት ላስታውስ። አዲስ አበባ ሳትቆረቆር የዳግማዊ ምኒልክ መናገሻ በዚህ ተራራ ላይ ነበረ። እቴጌ ጣይቱ የፍል ውኃን ሜዳ ወደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ ከተማው ከብርዳማው ተራራ ወደ ሜዳው ወረደ። ቢሆንም ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ቍመቱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ አየሩ ቀጭን ነው፤ ሯጮቻችን የሚለማመዱበትም ስለዚሁ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተራራውን ከሸፈነው በኋላ ደግሞ ለብዙ ዘመን የከተማው ማገዶ የወረደው ከዚህ፣ አብዛኛውም በሴቶች ጀርባ ነበር። የእንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ለሕዝብ ሲከፈት፣ ያ የሸክም መንገድ የእግር መናፈሻ፣ የፈረስና የብስክሌት መንገድ ሆነ።

በዚያ ቅዳሜ ጧት ከሲ.ኤም.ሲ እስከ መገናኛ በባቡር ሄድን። ከመገናኛ ግን ለአክስቴ ጉልበት ብዬ ኮንትራት ታክሲ ያዝኩ፤ በስድስት ኪሎ አልፈን፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወጣን። ብርዱ ጠንካራ ስለ ነበረ አክስቴ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ልጅቷ ስትሄድ ከፊቷ የነበሩት አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቆጠርኳቸው፤ በሒሳቡ መሠረት ሩብ ሰዓት ያህል ገመትኩ፤ ግምቴም ብዙ አልራቀም። ያንንም ሩብ ሰዓት ያለ ሥራ አላሳለፍነውም። አክስቴ ከየትኛው ዛፍ ቅጠል መልቀም እንደሚሻል፣ ጥበቃዎቹም ሲያሯሩጧቸው እንዴት ያመልጡ እንደ ነበረ ሲያጫውቱን ተራችን ደረሰ። ልጁም ፈረሱን ጋለበ። እርግጥ ጋለበ ማለት ይበዛበታል፤ ፈረሱ ተራመደ፣ ባለፈረሱም ልጓሙን ይዞ ሳበ። ለልጁ ግን የዓድዋ ዘመቻ ያህል ነበር።

ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሰዉ መብዛት ጀመረ። እኛ ያን ጊዜ ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ዳቦአችንን እንቆርስ ነበር። ሁለቱም ልጆች ያሰቡትን አድርገው ስለ ነበረ ወደ ሰልፉ አላዩም። ከዚያ ተነሥተን በዝግታ በእግር መንገዱ ሄድን። አክስቴ ከአንድ ጠምዘዝ ያለ ቁልቁለት ሲደርሱ ቆሙ። ብዙ ተመለከቱ። «ድንጋዩ የለም» አሉ። ሸክማቸውን አስደግፈው የሚያርፉበት ትልቅ ድንጋይ ነበረ፤ ምናልባት መንገዱ ሲሠራ ተነሥቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ቦታው ያ አልነበረም። ሆኖም «በቃ እዚህ ነው» ብለው ተቀመጡ፤ እኛም አጠገባቸው ተቀመጥን። ከታች አዲስ አበባ እስከ ዳርቻዋ ትታይ ነበር። በዚያ ቦታ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። በመጀመሪያው እሑድ ይህን ግማሽ ሰዓት ከየት አመጣው ነበር? ቀኑን ሁሉ ወረፋው በልቶት ነበር።

የዕቅድ ጥቅሙ እንግዲህ ይህ ይመስለኛል። ብዙ መጫወቻ ለመጨረስ፣ ቀኑን እንደ ፋብሪካ ለማሠራት አይደለም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካለ እርሱ ከወረፋው ቢያመልጥም ከራሱ ጥድፊያ አላመለጠም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ለእርሱ ነው። ዕቅድ የሚያስፈልገው፣ ያለ ዕቅድ የሚጠፋውን ያንን ግማሽ ሰዓት ለማትረፍ ነው።

አንድ ብልህ አንባቢ ግን «ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ቅዳሜ ጧት ቢወጣ፣ ወረፋው ወደ ቅዳሜ ጧት መዛወሩ አይደለምን?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቀደም ሲል ያየነው ሒሳብ ለዚህም መልስ አለው። ሁሉ ሰው መዛወር አያስፈልገውም፤ ከ19ኙ ሦስቱ ብቻ ሰዓታቸውን ቢለውጡ፣ የቀሩት 16ቱ ከ57 ደቂቃ ጥበቃ ወደ 12 ደቂቃ ይወርዳሉ። ማልዶ የሚወጣ ሰው ለራሱ ብቻ ሳይሆን አርፍዶ ለሚወጣውም ይጠቅማል ማለት ነው። ሁሉም ጧት የወጣ እንደ ሆነም እኔ በስምንት ሰዓት እወጣለሁ።

ይህን ገጽ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ተማሪዎችና እንደ እኔ በቅርብ ሥራ የያዙ ወጣት ሠራተኞች ናቸው። ተማሪው ነገ ከጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣል፤ ሠራተኛው ዛሬ ተቀምጧል። ስለዚህ ከጨዋታው ስፍራ ወደ ሥራ ቤታችን ይዤው የተመለስኩትን አንድ ነገር ልናገር። ያ የቁመት መለኪያ ምልክት የቆመው በወረፋው ራስ፣ ከበሩ አጠገብ ነበር። በወረፋው ጅራት፣ ሰው ሊሰለፍ በሚጀምርበት ቦታ ቢቆም ኖሮ፣ ልጁ ገና ሳይሰለፍ ቁርጡን ዐውቆ ወደ ሌላ ጨዋታ ይሄድ ነበር። ምልክቱን ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ለማዛወር በጀት አያስፈልግም፤ የአንድ ሰው ማሰብ ብቻ ይበቃል።

በእኛስ መሥሪያ ቤት ያ ምልክት የት ነው የቆመው? ከገጠር የመጣ ባለ ጉዳይ ጧት ደርሶ፣ ሦስት ሰዓት ተሰልፎ፣ ከመስኮታችን ሲደርስ «ፎቶግራፍ ጎድሎሃል» ወይም «ይህ ጉዳይ በሌላ ክፍል ነው» የምንለው ስንት ጊዜ ነው? የሚያስፈልገውን ወረቀት ዝርዝር በበሩ ላይ በትልቁ መለጠፍ፣ ለባለ ጉዳዩ ቍጥር ሰጥቶ «ተራህ ከስምንት ሰዓት በፊት አይደርስም፤ ምሳህን በልተህ ተመለስ» ማለት፣ የሚያውቁትንም ሰው ከሰልፉ አስበልጦ አለማስገባት፣ እነዚህ ሁሉ ከመጫወቻ ስፍራ የተማርናቸው ነገሮች ናቸው። ለመዝናናት የወጣ ሰው ቢመረር ተነሥቶ ቤቱ ይገባል። የመሬቱን ካርታ ወይም የልጁን የልደት ወረቀት ሊያወጣ የመጣ ሰው ግን መሄጃ የለውም፤ ይቆማል። የእኔ አክስት ከቆሙባቸው ወረፋዎች ብዙዎቹ እንደዚህ ያሉ ነበሩ።

እኔ በሚመጣው ሰኞ ከቢሮዬ በር ላይ የምለጥፈውን ዝርዝር ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። አንተም አንባቢዬ፣ አንቺም እኅቴ፣ ዛሬ ልጆች ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ከመሰለፋችሁ በፊት ቍጠሩ። 8 ሰው በ6 ደቂቃ የሚለውን አትርሱ። ሒሳቡ ከብዶ ከተገኘም ልጁን አስቀምጣችሁ ስለ ልጅነታችሁ አጫውቱት፤ ለዚያ ጨዋታ ቲኬትም ወረፋም የለውም።

መልካም እሑድ።